ስትሞቅ የማትዘጋው ሶሌኖይድ

ሽቦን ባለፈው ሳምንት ያገኛት አንባቢ የሥራ ባንኮዋ ላይ እንዳጎነበሰች ነው የተዋት። ያላገኛት ካለ ባጭሩ ልንገረው። ሽቦ እናት አባቷ ያወጡላት ስም አይደለም። ጋራዥ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ ትሠራለች፤ ቀጭን ናት፣ ደረቅ ናት፣ እንጠፍሽ ሲሏት መልሳ ቀጥ ትላለች። ስሙን የሥራ ጓደኞቿ አወጡላት፣ እሷም ለመደችው። ሠላሳዎቹን ልትሰናበት ትንሽ ቀርቷታል። "ባል መጣልሽ" ሲሏት "ምኑ ተበላሽቶበት?" እያለች ስንቱን ከበር መልሳለች።

አይቆሜ የመጣው እንግዲህ እንዲህ ባለች ሴት ላይ ነው። እሱም ቢሆን ስሙ አይደለም፤ መንዳት ሲጀምር ፍሬን መኖሩን የነገረው ሰው ያለ አይመስልም ነበርና የዚያን ጊዜ የተለጠፈበት ነው። አባቱ የጭነት መኪናዎች ባለቤት ናቸው፤ ግቢያቸው ውስጥ ሁለት ተሳቢ ጎን ለጎን ይዞራል። የልጃቸው ልብ ያለው ግን አንዲት መሬት የምትስም የውድድር መኪና ላይ ነው። የፊት መብራቷን ሊያሠራ አመጣት፤ መብራቱ ተሠርቶም መምጣቱን አልተወም። እሷ ሽቦ ስትልጥ እሱ ጣቶቿን ያያል፤ እሷ ቀና ስትል እሱ ጎማ ያያል። ጋራዡ በሙሉ አውቆባቸዋል። የጋራዡ ባለቤት ጋሽ ካቻቢቴ እንኳ፣ ከሞተር ድምፅ ሌላ የሚሰማቸው ነገር የሌለ ሰው፣ "ይቺ መኪና ጤነኛ ሆና ሐኪም አበዛች" ብለው ነበር።

ያን ቀን ከምሳ በኋላ መጣ። በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር በሁለት እጁ ይዟል፤ አያያዙን ላየ ቀለበት ሊያስር የመጣ ይመስላል። ባንኮው ላይ አስቀመጠና ጨርቁን ገለጠው። ቡጢ የምታህል ሶሌኖይድ ናት።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ፣ ያለዚህ ታሪኩ አይገባም። የውድድር መኪና ላይ ናይትረስ የሚባል ጋዝ በሲሊንደር ይጫናል። ሞተሩ ውስጥ ሲገባ ጉልበት ይጨምራል። በአንድ ጊዜ ከተለቀቀ ግን ወይ ጎማው ባለበት ይሽከረከራል፣ ወይ ሞተሩ ይበተናል። ስለዚህ ጋዙን ከትንሽ ጀምሮ እያሳደገ የሚለቅ መቆጣጠሪያ ሳጥን ይገጠማል። ሳጥኑ ያዛል፣ ሶሌኖይድ ይታዘዛል። ሶሌኖይድ ማለት በኤሌክትሪክ የሚከፈት ቧንቧ ነው፤ ዙሪያውን ሽቦ የተጠመጠመበት፣ መሃሉ ላይ ወጣ ገባ የምትል ብረት ያለችው። ሳጥኑ ዓይን እስኪጨፈን በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ክፈት ዝጋ፣ ክፈት ዝጋ ይለዋል። መጀመሪያ ክፍቱ ያጥራል፣ ኋላ እየረዘመ ይሄዳል። ይህን ጥድፊያ የሚችል ሶሌኖይድ አለ፣ የማይችልም አለ። ምርጫ የሚባለው ይኼ ነው፤ ሽቦም ምርጫዋን ከጨረሰች ሰንብታለች። ለጋዙ ሁለት ትንንሽ፣ ለቤንዚኑ አብራቸው የምትከፈት አንድ። ጋዙ ቀድሞ ገብቶ ቤንዚኑ ከዘገየ ፒስተን እንደ ሰም ይቀልጣል።

እሱ ግን ይቺን ትልቋን ይዞ መጣ።

"የወንድሜ ናት" አላት።

የታላቁን ነገር ከዚያ በፊት አንስቶ አያውቅም፤ እሷም ቁስል ነው ብላ አልነካችውም። ያን ቀን በርሜሉ ላይ ቁጭ ብሎ ነገራት። ወንድሙ የሞተው ውድድር ላይ ነው። መስመሩን አንደኛ ሆኖ አለፈ። ከኋላው የነበሩት ሁሉ እግራቸውን ከነዳጅ አንስተው ፍጥነት ሲቀንሱ እሱ አልቀነሰም፤ የሜዳው ጫፍ ላይ ያለው ግንብ ተቀበለው። ተመልካቹ ለታይታ ነው አለ፣ ለጭብጨባ ብሎ እግሩን አላነሳም አለ። አባትየውም ይህንኑ አሉ። ከዚያ ወዲህ የልጁ ስም በቤቱ አይጠራም። ፎቶው ከግድግዳው ወርዷል፣ ቦታው ብቻ ነጣ ብሎ ቀርቷል። ከመኪናው ስብርባሪ ደህና የወጣችው ይቺ ሶሌኖይድ ብቻ ናት። አይቆሜም ያሰበው እሑድ በዚችው ሊሮጥ፣ መስመሩን ሲያልፍ እግሩን አንስቶ በሰላም ሊቆም፣ ከዚያም አባቱ ፊት ሄዶ 'በእሱ ዕቃ ነው የሮጥኩት፣ አሁን ስሙን ጥራው' ሊል ነው።

"ከዚያ ስለ አንቺም እነግረዋለሁ" አለ፣ ጎማ ጎማውን እያየ።

"ምን ብለህ?"

"መብራቴን የሠራችልኝ ሴት አለች እለዋለሁ።"

"መብራት የሚሠራማ ሞልቷል።"

"አባዬም እንደዚሁ ነው የሚለኝ። እኔ ደግሞ ከእሷ በፊት በጨለማ ነበር የምነዳው እለዋለሁ።"

ፒንሳውን ባንኮው ላይ አኖረችው። ደረቅነቷ ግን አልተዋትም። ባለቤቱን ስለወደድኩ ብቻ ዕቃውን አልገጥምም፣ ሞክሬ ነው የምነግርህ አለችው። ሞክሪያት አላት፤ አንቺ እሺ ያልሽው ሁሉ ለእኔ እሺ ነው ብሎ ወጣ።

ደስታው አስፈራት። ሳጥን ውስጥ ብዙ የቆየ ልብስ ገና ሲለበስ እንደሚያሳክክ ሁሉ ደስታው አሳከካት፤ አውልቃ እንዳትጥለው ደግሞ አማረባት።

በማግስቱ ጠዋት ትልቋን ብረት ጨምቆ በሚይዘው ሞርሳ ላይ አሰረቻት። በጋዝ ፈንታ የኮምፕሬሰር አየር ሰጠቻት፣ ገመዷን ከመቆጣጠሪያ ሳጥኑ ጋር አገናኘች። የሽቦ አሠራር እንዲህ ነው። የኤሌክትሪክ መለኪያውን ቴስተር ታያለች፣ በቴስተር ብቻ ግን አታምንም፤ እጇን ትጭናለች። እጅ የማይችለው ሙቀት ያለው ዕቃ ከእሷ ባንኮ ተነስቶ ሰው መኪና ላይ አይወጣም። ጋሽ ካቻቢቴ "ደንበኛ አባረርሽብኝ" ብለው ቢያብዱም ይህን ሕግ አትለውጠውም።

ሶሌኖይዷ መጀመሪያ ደህና ነበረች። ትር ትር ትር አለች። ሳጥኑ ሲያጣድፋት ግን ድምጿ ተንተባተበ። ብረቷ ከባድ ናት፤ ወጥታ ሳትመለስ ሌላ ትእዛዝ ይደርስባታል። ወፍራም ሰው ገመድ ዝለል ሲባል ማለት ነው። ሙቀቱ መጣ። ሽቦ እጇን አነሳች፣ መልሳ ጫነች፣ አቃጠላት። ያኔ ማብሪያውን ዘጋችው።

ትር ትሩ ቆመ። አየሩ ግን አልቆመም። ሽሽሽ እያለ ይወጣል። ኤሌክትሪክ የለም፣ የሚያዛት የለም፣ እሷ ግን እንደተከፈተች ናት። ሽቦ ቆማ አዳመጠቻት። ብረቷ በሙቀት አብጣ ቱቦዋ ውስጥ ተቀርቅራለች። ቆይታ ቆይታ፣ ስትበርድ፣ ቀጭ ብላ ራሷን ዘጋች። ከዚያ ብትፈተሽ ምንም የላትም፣ ንጹሕ ናት። ሽቦ ደገመችው። ስትሞቅ ያው፣ ስትበርድ ያው።

ባንኮው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። መኪናው ከግንቡ ሥር ተጎትቶ ወጥቶ ሰዎች ሲመረምሩት ይቺ ዕቃ በርዳ ነበር፤ ደህና ናት ብለው ነው ለቤተሰቡ የመለሷት። ጥፋቷን ውጣ ዝም ያለች ዕቃ። ልጁ እግሩን አንስቶ ነበር። እሱ ቢያነሳም ጋዙ መግባቱን አላቆመም፣ ሞተሩም አልሰማውም። ያ ሁሉ ሰው የረገመው እግር ምንም አላጠፋም።

መጀመሪያ የመጣባት ነገር ደስታ ነው። ይህን ልትነግረው ነው። ሌላው ሰው ለወደደው ሰዓት ወይ ሸሚዝ ይገዛለታል፤ እሷ የወንድሙን ስም ልትመልስለት ነው። በሩን ደጋግማ አየች። ሩጪ ሩጪ አላት።

እሱ ሳይመጣ እናቱ መጡ። ሾፌሩ በር ከፍቶላቸው ሲወርዱ ጋሽ ካቻቢቴ ደንግጠው ወንበር ጠረጉላቸው፤ በጠረጉበት ጨርቅ ምክንያት ወንበሩ ከነበረው ጠቆረ። አልተቀመጡም። ያቺ መብራት የምትሠራው የታለች አሉ። ሽቦ ዘይት የነካው እጇን አጥፋ አንጓዋን ዘረጋችላቸው፤ በጣታቸው ጫፍ ነኩላት።

ለጠብ አልመጣሁም ብለው ጀመሩ። ልጃቸው ልቡ ገር ነው፣ የወደደውን አይመርጥም። ከአባቱ ጓደኛ ቤት የታሰበችለት ልጅ አለች። ሽቦን አይጠሏትም፣ ሥራዋንም አይንቁም፣ ግን ሁሉም ከአቻው ነው የሚያምርበት። ትልቅ ሰው ስለሆነች ይገባታል ብለው ነው እንጂ ለሌላማ እግራቸው አይነሳም ነበር። ሽቦ እየሰማች ገመድ ጠቀለለች። ሲጨርሱ እንደገባት ነገረቻቸው፤ ነገር ግን እሷ እቤታቸው ሄዳ አታውቅም፣ የሚመጣው እሱ ነውና ለእሱ ይንገሩት አለች። ጋሽ ካቻቢቴ ሳላቸው መጣ፣ ወደ ውስጥ ገቡ።

የእናትየው ዓይን ያኔ ሞርሳው ላይ አረፈ። ፊታቸው ልውጥ አለ። ይቺን ማን አመጣት አሉ። ሽቦ ነገሩን አልሸሸገችም፤ መሸሸግ አታውቅም፣ ደግሞም የጠዋቱ ደስታ ገና እየፈላባት ነው። ሳጥኑን አበራች፣ ትር ትሩን አሰማቻቸው፣ አጠፋችው፣ ሽሽታውን አሰማቻቸው።

"የትልቁ ልጅዎ እግር አላጠፋም፣ እናቴ። ያጠፋችው ይቺ ናት።"

በደስታ ያለቅሳሉ ብላ ነበር። እሳቸው ግን የጠቆረው ወንበር ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ፤ ቀሚሳቸውን እንኳ አልሰበሰቡም።

"ማን እንደገዛት ታውቂያለሽ?" አሉ።

ከዚያ በኋላ የተናገሩትን ሽቦ ጎንበስ ብላ ነው የሰማችው፤ ድምፃቸው ከኮምፕሬሰሩ ድምፅ ያነሰ ነበር። ባለቤታቸው ሀብት ያገኙት በአንድ ልማድ ነው። ዕቃ ሲገዙ ሁልጊዜ ከሚያስፈልገው አንድ ቁጥር ከፍ ያደርጋሉ። ገመዱን ከፍ፣ ባሌስትራውን ከፍ፣ ጎማውን ከፍ። የሌላው ሰው መኪና መንገድ ላይ ሲሰበር የእሳቸው አይሰበርም። ሰው ይስቅ ነበር፤ እናትየው ራሳቸው የተሞሸሩት በሰፋ ጫማ ጥጥ ወትፈው ነው፣ ባልየው ጫማውንም አንድ ቁጥር ከፍ አድርገው ገዝተውት። ያን ጊዜ የትልቁ ልጅ መካኒክ ሁለት ትንንሽ ሶሌኖይድ መርጦ ነበር። ልጁ ለአባቱ አሳያቸው። አባትየው ሳቁ፤ ይህ የአሻንጉሊት ዕቃ ነው አሉ። ከሱቁ ውስጥ ትልቋን ራሳቸው መርጠው ገዝተው፣ በገዛ እጃቸው ለልጃቸው ሰጡት። ልጁም ለአባቱ ፊት ብሎ ገጠማት።

"አሁን የአባቱ ልብ አልቋል" አሉ እናትየው። "ሐኪሙ ድንጋጤ እንዳይሰማ ብሎናል። በልጁ ላይ የያዘው ቂም ነው እስካሁን ያቆመው። ቂሙን ከወሰድሽበት የሚደገፍበት የለውም።"

"ሟቹስ? ጥፋተኛ እንደሆነ ይቅር?"

"እኔ ነኝ የወለድኩት። እሱ ይቅር ይለኛል።" አሉ። "ታናሹ ከሰማ ያኑ ዕለት አባቱ ፊት ቆሞ ይጮሃል። አንቺም ታውቂዋለሽ። አንዱን ቀብሬያለሁ፣ ሁለቱን አንድ ላይ አታስቀብሪኝ።"

ሽቦ ክርክር አታጣም። ሟች መብት የለውም ወይ ልትል ትችላለች፣ እውነት ተደብቆ አይቀርም ልትል ትችላለች። የሴትየዋ እጅ ግን ሳያውቁት ሞርሳው ላይ ያለችውን ሶሌኖይድ እያሻሸ ነበር፤ የሕፃን ራስ እንደሚያሻሹ። ትኩስ ናት፣ እሳቸው አልተሰማቸውም።

"ባለቤትዎ በሕይወት እስካሉ ድረስ ከእኔ አፍ አይወጣም" አለች። "ይቺ ዕቃ ግን መኪናው ላይ አትወጣም። ይህን እርስዎም ቢለምኑኝ አልለውጠውም።"

እናትየው ስለመጡበት ጉዳይ ዳግመኛ ቃል አልተነፈሱም። መኪናቸው ጋ ሲደርሱ ዞረው ሽቦን አይዋት፣ ረዥም አይዋት። ምራት ሲመርጡ ኖረው ትክክለኛዋን በማይሆን ቀን ያገኙ እናት አስተያየት ነበር። ሽቦ ያን ዓይን ባላየች ይሻላት ነበር።

አይቆሜ ወዲያው ነው የመጣው። የእናቱን መኪና ማዞሪያው ላይ አይቶታል፤ አይቶም ፈገግ እንዳለ ገባ፣ ልጅ ነገር ነው። ሞከርሻት ወይ አላት። ሞከርኳት፣ አልገጥማትም፣ ትንንሾቹን ነው የምገጥምልህ አለችው። ለምን አላት።

እዚህ ላይ ሽቦ ምን ታድርግ? ትሞቃለች ብትለው በቂ ነው፤ እዚሁ ሥራ ውስጥ ነው ያደገው፣ ሞቃ ምን ትሆናለች ብሎ ራሱ ይደርስበታል፣ ማን ገዛት የሚለውን ደግሞ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ትዋሽ ይሆን? በሰው ፊት ስለ ዕድሜዋ ዋሽታ ታውቃለች፣ በዕቃ ላይ ግን ዋሽታ አታውቅም፤ ምላሷ አልታዘዝ አላት። ሆድ ይፍጀው ብላ ዝም አለች።

ዝምታዋን እሱ በራሱ መንገድ ሞላው። እማዬ ምን አለችሽ አላት። የሚባለውን አለችው። አንቺስ ምን አልሽ አላት። የሚመለሰውን አለችው። ፈገግታው ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ወረደ።

"ተስማማሽ ማለት ነው" አለ። "እሑድ በእሷ እንዳልሮጥ፣ ለአባዬም እንዳልናገር። አንቺም ወንድሜን እንደ እነሱ ነው የምታይው።"

"ወንድምህ ጥሩ ነጂ ነበር።"

"በምን አወቅሽ?"

ቃሉ ከንፈሯ ላይ ደርሶ ነበር። እስከ ዛሬ ድረስ ያን ጊዜ ባስታወሰች ቁጥር አፏ ውስጥ ብረት ብረት ይላታል። እሱ ጨርቁን አንስቶ ሶሌኖይዷን መጠቅለል ጀመረ። ችግር የለም አለ፤ ማዶ ያለው ጋራዥ ያሉት ሳይጠይቁ ይገጥሙልኛል፣ ለነገ ይደርሳል።

ሽቦ በሕይወቷ እንደዚያ ፈርታ አታውቅም። ግንቡ ታያት።

"ስጠኝ" አለችው። "አንዴ ልያት።"

ሰጣት። ሐሳቧን የለወጠች መስሎት ፊቱ በራ። ሌላው ሁሉ ቢረሳ ያ ፊት አይረሳም፤ አምኖ ነው የሰጣት።

ሽፋኗን ፈታች። ፒንሳውን አነሳችና ጥቅል ሽቦውን መሃል ለመሃል ቆረጠችው። መዳቡን ጨብጣ ጎተተችው፣ እንደ ፀጉር እየተፈታ ወጣ። ሽቦው ብቻ ቢሆን ጎበዝ ሰው መልሶ ይጠመጥመዋል፤ እሷ ራሷ ትጠመጥመዋለች። ስለዚህ ቱቦዋን ሞርሳው ውስጥ አስገብታ በሙሉ ክብደቷ እጀታውን አዞረችው። ብረቱ ተንቋቋ፣ ተጨፈለቀ። የሠራችውን ስትጨርስ ቀና ብላ አየችው።

ባዶውን ጨርቅ እንደያዘ አያት።

"የወንድሜ እጅ የነካው የቀረኝ ነገር ይቺ ብቻ ነበረች።"

"አውቃለሁ።"

"እያወቅሽ?"

"እያወቅኩ።"

"ምክንያት ስጪኝ።" ድምፁ ወረደ። "አንድ ምክንያት። የፈለግሽውን በዪኝ፣ አምንሻለሁ። ውሸትም ቢሆን በዪኝ።"

የሞርሳውን እጀታ አላላችው።

"የምሰጥህ የለኝም" አለችው።

ጎንበስ ብሎ መዳቡን ከወለሉ ለቀመ። እያንዳንዱን ክር፣ ባንኮው ሥር የገባውን ሳይቀር፣ ነጩ ጨርቅ ላይ ሰበሰበው። የተጨፈለቀችውን ብረት ከሞርሳው አወጣ። እሷ ልትረዳው እጇን ስትዘረጋ እጁን ራቅ አደረገ። ያቺ የእጅ መራቅ ትንሽ ነገር ናት፣ ማንም ያየ ሰው ልብ አይላትም። ሽቦን ግን ከቃል ሁሉ በላይ ያጎደላት እሷ ናት። ጠቅልሎ ቋጥሮ ወጣ፤ ጋራዡ ያን ያህል ሰፊ መሆኑን ያን ቀን አወቀች።

ጋሽ ካቻቢቴ ከሞተር ሥር ሆነው ሁሉንም አይተዋል። መጥተው አብደሻል ወይ አሏት። አላበድኩም አለች። ሁለቱን ትንንሽ የጋዝ ሶሌኖይድና የቤንዚኗን አንድ ላይ አድርጋ እጃቸው ላይ አስቀመጠች፤ እባክዎ ሄደው ይግጠሙለት፣ ማን መረጠ ካለ የእኔን ስም ሳያነሱ እኔ ነኝ ይበሉት አለቻቸው። ሴትን ለምና የማታውቅ፣ ወንድን ለምና የማታውቅ ሽቦ ስትለምን ሲያዩ ጋሽ ካቻቢቴ ምንም አልጠየቁም። ዕቃውን ኪሳቸው ከተው ሄዱ።

እሑድ አልሄደችም። እቤቷ ሆና ንጹሕ ልብስ አጠበች፤ የታጠበውን መልሳ አጠበች። ጎረቤት ሬዲዮ ሲከፍት ልቧ ዘለለ፤ የወጥ ቅመም ማስታወቂያ ነበር።

ሰኞ ጋሽ ካቻቢቴ እስኪገቡ በሩን ስትጠርግ ቆየች። ገብተው ኮታቸውን ሰቅለው፣ ሱሪያቸውን ለውጠው፣ ዕቃ ፈልገው፣ ሰው ሲያሰቃዩ ማለት ነው፣ በመጨረሻ ነገሯት። ሁለተኛ ወጥቷል። የመኪናዋ አነሳስ ያምር ነበር አሉ፤ ጎማዋ አልተሽከረከረም፣ ጉልበቱ እያደገ እያደገ ሄደ። መስመሩን ሲያልፍ እግሩን አነሳ፣ እሷም ወዲያው ፍጥነቷን ቀነሰች፣ ጨዋ ልጅ ተቆጪ ሲሰማ ዝም እንደሚለው። ከግንቡ ብዙ ርቃ ቆመች። እሱ ግን ቶሎ አልወረደም፤ መሪው ላይ እጁን አድርጎ ግንቡን ሲያይ ቆየ።

"ማን እንደመረጣቸው ጠየቀኝ" አሉ። "እኔ ነኝ አልኩት፣ እንዳዘዝሽኝ።"

"ምን አለ?"

"እጄን ጨብጦ አመሰገነኝ። ለረዥም ጊዜ ነው የጨበጠኝ።"

ጥሩ ነው አለች። ሄዳ ምንም ያልሆነ ባትሪ መፈተሽ ጀመረች። በሕይወት አለ። ይህ ለማንም ሰው ይበቃል። ለእሷ ግን አልበቃትም፤ አለመብቃቱም አሳፈራት።

ከዚያ በኋላ አይቆሜ ወደዚያ ሰፈር መኪና አልነዳም። ወሬው ግን ይመጣ ነበር፣ የሚያመጣው ደግሞ የአባቱ ድርጅት የቦቴ ሾፌር ነው። ሆዱ ሰፊ፣ አፉ ከሆዱ የሰፋ ሰውዬ ነው፤ ቦቴው መብራት ባይጠፋበትም ለወሬ ሲል የሚያጠፋው ይመስላል። ልጁ ውድድሩን እንደተወ፣ የአባቱን ሥራ እንደያዘ ነገራት። የታሰበችለትን ልጅ እሺም እምቢም አላለም አላት። ሽቦ ስለ እሱ አትጠይቅም። የምትጠይቀው ስለ ሽማግሌው አባቱ ነው። እንዴት ናቸው፣ ይበላሉ ወይ፣ ሐኪም መጣ ወይ። ተኝተዋል ሲላት ታዝናለች፤ ቢያንስ ያዘነች ይመስላት ነበር። እናትየውን አስባ፣ የሰጠችውን ቃል አስባ ነው የምትጠይቀው ብላ ለራሷ ነግራዋለች።

አንድ ቀን ሾፌሩ ሳቀባት።

"አንቺ፣ አማትሽ ናቸው እንዴ እንዲህ የምትጨነቂላቸው?"

እሷም ሳቀች። ሳቁ ሳያልቅ ሾፌሩ ቀጠለ። ደህና ናቸው አላት፣ ሐኪሙም ገርሞታል። ትናንት ምርኩዛቸውን ይዘው ግቢ ወርደው ጎማ የሚያነሱትን ልጆች ሲቆጡ ዋሉ፣ ምሳም ደገሙ። በዚህ አያያዛቸው እኛን ሁላችንን ይቀብሩናል አለ።

ሽቦ አምፖል ይዛ ነበር። ልቧ ወረደ። ዝም ብሎ አልነበረም የወረደው፤ ተስፋ ያደረገ ሰው ልብ ሲወርድ እንደሚወርደው ነው። እዚያው ቆማ አሰበችው። ሲሻላቸው ያዘነችው ለምንድን ነው? ስትጠይቅ የኖረችው ታዲያ ምኑን ነበር? እሳቸው እስካሉ ድረስ ብላ ነው ቃል የገባችው። እሳቸው ከሌሉ አፏ ይፈታል። አፏ ከተፈታ እሱ ይመጣል። ስትጠይቅ የነበረው ጤናቸውን አልነበረም፤ አንዱን ልጃቸውን ሳያውቁት በገዛ እጃቸው ያጡ ሽማግሌ መቼ እንደሚሞቱላት ነበር። እጇን አየችው፣ የሌላ ሰው እጅ መሰላት።

አምፖሉን ገጠመች። ሾፌሩ አብርቶ አጥፍቶ ደህና ነው አለ።

"ዕድሜ ይስጣቸው" አለች ሽቦ።

እሱ የደንብ አነጋገር መስሎት አሜን ብሎ ቦቴውን አስነሳ። እሷ ግን ቃሉን ከማውጣቷ በፊት ከሥር እስከ ላይ አገላብጣው ነበር። የሰው ሞት እየጠበቁ ፍቅር መጠበቅ አይቻልም፤ አንዱን መጣል አለባት። መጣል ያለባት አይቆሜን መጠበቅ እንደሆነ ደግሞ የሚመክራት ሰው አላስፈለጋትም።

ከዚያ ወዲህ ቦቴው ሲመጣ ስለ ሽማግሌው አትጠይቅም። ሾፌሩ በራሱ ጊዜ ደህና ናቸው፣ እየበረቱ ነው ይላታል። ተመስገን ትላለች፣ ከልቧ ነው የምትለው። ከዚያ ጋሽ ካቻቢቴ ሲጠሯት ትንሽ ትዘገያለች፤ ምንም ያልሆነ ባትሪ እየፈተሸች ነው።